ጥናቱ ከሰፈር ወጥቶ ወዴት ሄደ?

ለኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች፣ የዕድር መሪዎችና የጤና ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር



 በግብዣው ደብዳቤ ላይ የተሰጠኝ ርዕስ «በዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ሥር የሚገኙ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ማዕከላት ሚና» ይላል። ደብዳቤውን ያረቀቀውን ወንድሜን አላማውም፤ የመሥሪያ ቤት ርዕስ ሲጻፍ እንዲህ ነው፣ ካልረዘመ አይፈረምም። እኔ ግን በእናንተ ፈቃድ ወደ አንድ አጭር ጥያቄ ላውርደው። ከእኛ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት፣ ከእኛ አፍ የተወሰደ ጥናት ከሰፈር ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ተመልሶስ ይመጣል ወይ?

መልሴን ሳልደብቅ ከመነሻው ልናገር። በዚህች አገር በኅብረተሰብ ጤና ላይ የረባ ነገር የሠራ ማዕከል ሁሉ የሠራው በሰፈር ሰው ትብብር ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለሰፈሩ ሰው መንገር የዩኒቨርሲቲው ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ አንዳንዶቹ ከፍለዋል፤ ብዙዎቹ አልከፈሉም። እኛም ጠይቀን አናውቅም። ነገሩን ለማሳየት መጀመሪያ ወደ ኮልፌ መቃብር፣ ቀጥሎ ወደ ዘነበወርቅ እወስዳችኋለሁ። ከዚያ ከከተማ ወጥተን ጎንደርንና ቡታጅራን አይተን እንመለሳለን። የቆሻሻ ክምሩን ቆሼንም ሳላነሣ አላልፍም።

በመቃብሩ ልጀምር። ለጠዋት የማይመች ወሬ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለኮልፌ ሰው መቃብር ጎረቤቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ሙስሊም ትልቁ መካነ መቃብር እዚሁ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ጊዜ በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። የዕድር ድንኳን ከአንድ ቤት ሳይነሣ ለሌላ ቤት የሚፈለግበት፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሣጥኑን ከፍቶ የሚተክዝበት፣ ወርኃዊ መዋጮ ይጨመር ተብሎ ስብሰባ የሚጠራበት ዘመን ነበር። የሚሞቱት ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ የሃያ አምስት፣ የሠላሳ፣ የአርባ ዓመት ሰዎች ነበሩ። ይህን እያንዳንዱ ዕድር በራሱ መዝገብ ያውቀዋል። ከተማዋ ግን አታውቅም ነበር። በአዲስ አበባ በዓመት ስንት ሰው ይሞታል? በምን ይሞታል? ብሎ ለጠየቀ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሐኪም ቤት የሚያውቀው አልጋው ላይ የሞተውን ብቻ ነው፤ ብዙው ሰው ደግሞ የሚሞተው ቤቱ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው እንኳ ገና በ2008 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። በዚህ ከተማ ሰው ሳይመዘገብ ሊወለድ ይችላል፤ ሳይመዘገብ ሊያገባም ይችላል፤ ሳይቀበር ግን አይቀርም። ስለዚህ ቆጠራውን ከመቃብሩ በር ጀመሩት። በከተማዋ ባሉት መካነ መቃብሮች፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም በሌላውም፣ አስከሬን ሲመጣ የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ቤተሰቡ የሚናገረው የሞት ምክንያት በፎርም ላይ ይሰፍር ጀመር። የአዲስ አበባ የሞት ክትትል መርሐ ግብር የሚባለው ይህ ነው። ቢሮው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሁን እንጂ ሥራው ያለው በመቃብር ጸሐፊዎቹ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ጸሐፊው «በምን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ ሐዘንተኛው ምን ብሎ ይመልሳል? በዚያ ዘመን «በኤድስ» የሚል ሰው በጣም ጥቂት ነበር። «ሳንባውን አሞት ነበር»፣ «ቲቢ ነው አሉት»፣ «አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ነበር» ይላል። ሌላ አገር ቢሆን ተመራማሪው ይህን እንደ ውሸት ቆጥሮ ይጥለው ይሆናል። የእኛዎቹ አልጣሉትም፤ ሰው ሲያፍር የሚመርጠው ቃል ራሱ መረጃ ነው አሉ። ከዚያም ከተመዘገቡት ሟቾች የተወሰኑትን በዕጣ መርጠው፣ ሐዘኑ በረድ ሲል፣ ወደ ቤታቸው ጠያቂ ላኩ። ጠያቂው ያስታመመችውን እናት ወይም እኅት ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። ለምን ያህል ጊዜ ታመመ? ከስቶ ነበር? ተቅማጡ ስንት ሳምንት ቆየ? ሳሉ ደም ነበረው? እብጠት ነበረው? መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ይህ ሲጠናቀር በከተማዋ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ደርሰው ገና በጉልበታቸው ሳሉ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሆኑት በኤድስ እንደሚሞቱ ታወቀ።

ከዚያስ? በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች «መድኃኒቱ እውነት ሞትን ቀንሷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የነበረው መልስ ግምት ነበር። አዲስ አበባ ግን ማስረጃ ነበራት፤ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም የተሞላ የቀብር መዝገብ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኤድስ የሚሞተው ሰው በፍጥነት ማሽቆልቆሉ ከእነዚያ ፎርሞች ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ። በመላ ከተማ ደረጃ ይህን በሞት ቁጥር ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ ነው። የኮልፌ መቃብር በር ላይ የተጻፈ መስመር እዚያ ውስጥ አለበት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ለእኔ ዋናው ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ያለውን የቀብር መዝገብ የመረመሩ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች፣ በአዲስ አበባ ከሞቱት አዋቂዎች መካከል 51 ከመቶ የሚሆኑት የሞቱት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው አሉ። የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ካንሰር፣ ስኳር እና የመሳሰለው ማለት ነው። ተላላፊው 42 ከመቶ፣ አደጋና ጉዳት 6 ከመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ሁላችንም ስለ ኤችአይቪ ስንሰበክ፣ ፖስተሩ ሁሉ ስለ ኤችአይቪ ሲናገር፣ መቃብሩ ዝም ብሎ ሌላ ነገር መናገር ጀምሮ ነበር።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህን የ51 ከመቶ ቁጥር ከዛሬ በፊት የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ... የጤና ባለሙያዎቹን አይቻለሁ። ከዕድር ዳኞቹ መካከልስ? አያችሁ? ቁጥሩ የተገኘው ከእናንተ ቀብር ነው። ለእናንተ ግን አልደረሰም። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ በእንግሊዝኛ ተነብቧል። ዕቁብ ገብቶ በየወሩ የሚከፍል፣ ዕጣው ግን ወጥቶለት የማያውቅ ሰው ምን ይባላል? እኛም እንደዚያ ሰው ነን።

ወደ ሁለተኛው ቦታ እንሂድ፤ ዘነበወርቅ። ስሙ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በስማቸው ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወረሰ። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ አለርት ተቋቋመ። ዛሬ አለርት ሲባል ትልቅ ሆስፒታል ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ሲመሠረት ግን የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆኖ ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዱ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በስዊድንና በኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም፣ እኛ አህሪ የምንለው፣ ከጎኑ ተከፈተ። አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ሥጋ ደዌ የዘር እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት አይደለም፣ በተህዋስ የሚመጣ በሽታ ነው የሚለው ነገር በሳይንስ ሲታወቅ 150 ዓመት አልፎታል። በየሰፈራችን ግን ገና የሚከራከር አለ።

ከዚህ ግቢ ምን ወጣ? አንዱን ብቻ ላንሣ። ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ መድኃኒት ዳፕሶን የሚባል አንድ ክኒን ነበር፤ ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን ይውጣል። በ1970ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአለርት ሐኪሞች ክኒኑን ሳያቋርጡ ወስደው እንደገና የሚታመሙ ሰዎችን ማየት ጀመሩ። መርምረው ተህዋሱ መድኃኒቱን መላመዱን አረጋገጡ፤ ይባስ ብሎ ዳፕሶን ቀምሰው በማያውቁ አዲስ ሕሙማን ላይም የተላመደው ተህዋስ ተገኘ። ይህን አሳትመው ለዓለም ተናገሩ። ከሌሎች አገሮች ማስረጃ ጋር ተደምሮ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ መከረ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ከጊዜ በኋላ ወደ ስድስት ወር ወይም ወደ አንድ ዓመት ገደማ ወረደ። ዛሬ በሕንድም በብራዚልም ያለ ሕመምተኛ የሚወስደው የመድኃኒት እሽግ ታሪክ ውስጥ የዘነበወርቅ ላቦራቶሪ አለበት።

መድኃኒቱን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። የአራት ሳምንቱ በአንድ እሽግ ላይ ተደርድሮ ይመጣል። የወሩ ትልቁ ዶዝ በጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል፤ የቀረው በየቀኑ ቤት ውስጥ ይወሰዳል። በመጀመሪያው ቀን ሽንት ይቀላል፤ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ከሦስቱ አንዱ ቆዳን ያጠቁራል፤ ጎረቤት ደግሞ መጥቆሩን አይቶ «በሽታው ባሰበት» ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ለሕመምተኛውም ለጎረቤቱም ማስረዳት ነው እንግዲህ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለው። ላቦራቶሪው መድኃኒት ቢያገኝም፣ ሰውየው የጎረቤት ዓይን ፈርቶ ክኒኑን ከጣለው ምርምሩ ምን ጠቀመ?

ከዚሁ ግቢ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ተህዋሱ ከሞተ በኋላም የነርቭ ጉዳት ሊቀጥል እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ሕክምናው ሲያበቃ ክትትሉ አያበቃም፤ እጅና እግር መጠበቅ፣ ጫማ፣ ዓይን መመርመር ይቀጥላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥጋ ደዌን ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች አድርሳለች ተብሎ ተመዝግቧል፤ ያ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ከሦስት ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ሲመዘገቡ ኖረዋል። በሽታው ጠፍቷል ብሎ የሚያስብ የጤና ባለሙያ ምልክቱን ይረሳዋል። ስለዚህ እዚህ ላላችሁት ሁሉ፦ ከቀረው ቆዳ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ሰውየውን ሳትሸሹ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒቱ ነጻ ነው። መታከም ከጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።

የዘነበወርቅ ሰው ከዓለም የሥጋ ደዌ ሳይንስ ጋር በአንድ አጥር ተለያይቶ ኖሯል። ከአጥሩ ወዲያ ከመላ አፍሪካ የመጣ ሐኪም ይሠለጥናል፤ ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰው ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ የሚያንገራግር ቤተሰብ አለ። የሕክምናውን ክፍል ዓለም አመስግኖታል። የመገለሉን ክፍል ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ከከተማ እንውጣ። ጎንደርን በአጭሩ ነው የማነሣው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ወደ ሰባት ሺህ ሰው ፈጀ። ያ እልቂት ነው በዓመቱ የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ ይሠለጥኑ ነበር፤ የመጨረሻ ዓመታቸውንም በጤና ጣቢያ ከሕዝብ ጋር ያሳልፉ ነበር። ቆላ ድባ እየተላኩ የተማሩት ሰዎች በኋላ የአገሪቱን የጤና አገልግሎት ተሸክመውታል። የእኛ አገር የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ከመሠረቱ ከገጠር መንደር ነው የተነሣው። በከተማ ቢሮ መክረሙ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ቡታጅራ ላይ ግን ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዶክተር ደስታ ሸመቦ እና ጓደኞቻቸው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው ክትትል ጀመሩ። ቤት ለቤት የሚዞሩ መዝጋቢዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ ይጽፋሉ። ቤቱ ቁጥር አለው፤ ሰውየውም ቁጥር አለው። አሰልቺ ሥራ ነው። ፎቶ የሚነሣበት፣ ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ይህ አሰልቺ ሥራ በትዕግሥት ስለ ተሠራ ሌላው ሁሉ በላዩ ተገነባ። እነ ጎንደር በዳባት፣ እነ ጅማ በግልገል ጊቤ፣ እነ ሐሮማያ በቀርሳ በኋላ የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

በቡታጅራ ከተሠሩት ሁለቱን ላንሣ። አንደኛው የአእምሮ ሕመም ጥናት ነው። እንደ ዶክተር አታላይ ዓለም ያሉ ሰዎች ከ68,000 በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት አስጠይቀው፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩትን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ከተገኙት አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል ነገር አይተው አያውቁም ነበር፤ ጠበል ሄደዋል፣ ታስረዋል፣ ተደብቀዋል። እዚህ ጥናት ላይ የማከብረው ነገር፣ «አገኘንህ፣ ጻፍንህ፣ ደህና ሁን» አለማለቱ ነው። እዚያው ቡታጅራ የሕክምና አገልግሎት ተከፈተ፤ የተገኘው ሰው መድኃኒት አገኘ። ዕዳ ተከፈለ የምለው ይህን ነው።

ሁለተኛው የሴቶች ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች በባልና በወዳጅ የሚደርስ ጥቃትን ሲያጠና ከኢትዮጵያ የተመረጠው ቡታጅራ ነበር። ጠያቂዋ ሴት ናት። ጥናቱ በሰፈሩ የሚጠራው በጥቃት ስም አልነበረም፤ ስለ ሴቶች ጤና ነው ይባል ነበር፣ ጠያቂዋ ከሄደች በኋላ ሴቲቱ እንዳትደበደብ። ቃለ መጠይቁ ለብቻ ነው። ባል ወይም አማት ድንገት ቢገቡ ጠያቂዋ ወሬውን ወደ ሌላ የጤና ጥያቄ ትቀይራለች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ ባል ወይም ወዳጅ ኖሯቸው ከሚያውቁት ሴቶች 71 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል የሚል ሆነ። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚያ ቁጥር ያፈረ ሰው ቁጥሩን ለመካድ ሲሞክር ሰምቻለሁ። እኔ ግን የምለው፣ እነዚያ ሴቶች ለማያውቋት ጠያቂ ያን ያህል እምነት ሰጥተዋል፤ በዚያ እምነት ምን ሠራን? ያ ቁጥር በየሽማግሌ ጉባኤው፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ አውደ ምሕረት መነገር ነበረበት። የተነገረበት ቦታ ካለ ጥቂት ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላክል፣ ከዚያ እመለሳለሁ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ተመራማሪዎች ነዋሪዎቿን ተከታትለው ነው የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የሲጋራ ነገር ከልብ በሽታ ጋር መያያዙን ያረጋገጡት። በኋላ ልጆቻቸው ተጨመሩ፣ ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው። ሦስት ትውልድ በአንድ ጥናት የሚቆየው የሚጠቅመው መሆኑን ሲያውቅ ነው። አንዴ የተዘረፈ ሰው ለልጁ «አንተም ሂድ» አይልም።

ቆሼን ሳላነሣ አላልፍም ብያለሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲቆለልበት የኖረው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። በሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ከክምሩ እየለቀሙ ልጅ የሚያሳድጉ ነበሩ። ስለ ቆሼ ጭስ፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ለቃሚዎቹ ጤና የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ከዚያ ቀን በፊትም በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ጽሑፎቹ ቢነበቡ አደጋው ይቀር ነበር ብዬ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም፤ ስለ መደርመስ የጻፈ መኖሩንም አልናገርም። ነገር ግን ክምሩ ሥር የሚኖረው ሰውና ክምሩን የሚያጠናው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ቦታ አልነበራቸውም። ማዕከል የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ነው፤ የተመራቂው ተማሪ ጥናት በዓመቱ ያልቃል፣ ተማሪው ይሄዳል፣ ማዕከል ግን ይቆያል። የሚቆይ ነገር ብቻ ነው የሚጠየቀው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እዚህ አዳራሽ ያላችሁት ሁላችሁም ድርሻ አላችሁና ለየራሳችሁ ልናገር።

ለተማሪዎችና ለመምህራን። በየጽሑፋችሁ መጀመሪያ ላይ ምስጋና አለ። አማካሪያችሁን፣ ትምህርት ክፍሉን፣ ቤተሰባችሁን ታመሰግናላችሁ፤ በመጨረሻ «ጊዜያቸውን ሰውተው ለተባበሩኝ የጥናቱ ተሳታፊዎች» ትላላችሁ። እነዚያ ተሳታፊዎች ያን ገጽ አያነቡትም። ጥናታችሁ ሲያልቅ በአማርኛ፣ በሰፈሩ የሚነገር ከሆነም በአፋን ኦሮሞ ወይም በስልጥኛ ወይም በጉራጊኛ፣ አንድ ገጽ ጻፉ። ገጹን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ፣ ወደ ዕድሩ ሂዱ። ይህን ትምህርት ቤቱ ከመመረቂያ መስፈርት ቢያስገባው ደስ ይለኛል። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው እየተባለ ሁልጊዜ ይነገራል፤ ለማዕረግ ዕድገት ሲመጣ ግን በዋናነት የሚቆጠረው የታተመው ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው በቅጡ እስካልተቆጠረ ድረስ ማንም አይሠራውም። ይህን የምለው መምህራንን ልወቅስ አይደለም፤ ያልተከፈለበትን ሥራ ማን ይሠራል?

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች። እናንተ ቤት ለቤት ትሄዳላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲው መረጃ ሰብሳቢም ብዙ ጊዜ በእናንተ በኩል ነው የሚገባው። «እሷ ካለች እንግዳ አይደለም» ብለው በር የሚከፍቱት ለእናንተ ሲሉ ነው። ያን እምነት ያበደራችሁት እናንተ ናችሁና ውጤቱን ለመጠየቅ መብቱ ከማንም በፊት የእናንተ ነው። ደግሞ ያን የ51 ከመቶ ነገር አትርሱ። የደም ግፊት መለኪያ በጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ አይኑር፤ የዕድር ስብሰባ ባለበት ቀን ይዛችሁ ውጡ። በወር አንድ ጊዜ ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ የት ታገኛላችሁ?

ለዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች። የእናንተ መዝገብ ከብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ የታመነ ነው። ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ነበር፣ ስንት ልጅ ትቶ እንደ ሄደ ታውቃላችሁ። መዝገቡን ጠብቁት፤ ሲያረጅ አትጣሉት። አጥኚ ሲመጣባችሁ አታባርሩት፤ ዝም ብላችሁም አትስጡት። በወርኃዊ ስብሰባችሁ ላይ ሩብ ሰዓት አውጡና «ያጠናኸውን መጥተህ ንገረን» በሉት። የሚመጣ ይኖራል፤ የማይመጣም ይኖራል። የማይመጣውን ስም ደግሞ ጸሐፊው ይያዝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ትምህርት ክፍል ሌላ ተማሪ ሲመጣ «የባለፈው ጓደኛችሁ የት አለ?» ማለት ይቻላል። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ ትንሽ ያፍራል እንጂ።

ለሁላችሁም የመጨረሻው ይህ ነው። መጠይቅ ይዞ በራችሁን የሚያንኳኳ ተማሪ ሲመጣ አስገቡት፣ ቡና ካለ አጠጡት፣ የጠየቃችሁንም በእውነት መልሱለት፤ ዓይናችሁን አይቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፣ ለእናንተም የሚጠቅም ሥራ ይዟል። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ወረቀቱን ያንብብላችሁ። መመለስ የማትፈልጉት ጥያቄ ካለ «ይለፈኝ» በሉት፤ መብታችሁ ነው። ጨርሶ ሊነሣ ሲል ግን አንድ ጥያቄ እናንተ ጠይቁት፦ «ውጤቱን መቼ መጥተህ ትነግረናለህ?» ቀኑን ይንገራችሁ፤ ጻፉት፤ ለዕድሩ ጸሐፊም ስጡት።